ከእቴጌ ጣይቱ ድንኳን የተማርኩት

ያን ማታ አንዲት እናት ባይደርሱልን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ዛሬ የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር።

ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ወሩ ሚያዝያ። ሦስት ጓደኛሞች ከመርሳ ወልድያ በእግር እንግባ ተባባልን። በአስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ከሆነ አንድ ሰዓት አይፈጅም። እኛ ግን አስፋልቱን ትተን በተራራው ግርጌ በማሳና በቁጥቋጦ መሃል እየሄድን አንድ ሌሊት ውጭ ማደር ፈለግን። የተዋስነው ድንኳን አለን፣ ስፒከር አለን፣ ፓወር ባንክ አለን፣ ከመርሳ የገዛነው ማንጎ አለን። ውሃ? ለሦስት ሰው ሦስት ሃይላንድ። እሱም ከሰዓት ላይ አለቀ።

ሲመሽ አንድ ሰፊ ደረቅ ወንዝ አገኘን። አሸዋው ለስላሳ፣ ሜዳው የተነጠፈ ፍራሽ ይመስላል። ድንኳናችንን መሃሉ ላይ ተከልን። ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ቤት የሚመለሱ አንዲት እማማ አዩንና ቆሙ። በስተምዕራብ፣ ደጋው ላይ የጠቆረውን ሰማይ እያሳዩ ተነሱ አሉን። እኛ ያለንበት ጠብታ የለም፤ ከላያችን ኮከብ ይታያል። ትንሽ ተከራከርን፤ በኋላ ግን ይሉኝታ ይዞን ድንኳኑን ነቅለን ተከተልናቸው። ቤታቸው ገብተን የመጀመሪያው ቡና ሳይወርድ ጎርፉ መጣ። ድምፁ ተሳቢ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ዓይነት ነው። ጠዋት ሄደን ስናይ ድንኳናችን በነበረበት ቦታ ጥጃ የሚያህል ድንጋይ ተጋድሟል።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉዞና ስለ ውጭ አዳር ማንበብ ጀመርኩ። ስልኬ የሚያመጣልኝ የፈረንጅ ቪዲዮ ነው፦ በረዶ ላይ የሚተከል ድንኳን፣ ዋጋው ከቤት ኪራዬ የሚበልጥ ምድጃ። እኔ የፈለግኩት በዚህ በእኛ መሬት፣ በእኛ ዝናብና በእኛ ፀሐይ ድንኳን ተክሎ የኖረ ሰው ነበር። ሳገላብጥ ያገኘሁት ሰው ሁላችሁም የምታውቋቸውን እቴጌ ጣይቱን ነው። በአድዋ እናውቃቸዋለን፣ በሆቴላቸው እናውቃቸዋለን። ታሪካቸውን እንደ ተጓዥ ሳነበው ግን የዕድሜያቸው ትልቁ ክፍል የሰፈር ሥራ ሆኖ አገኘሁት፦ የት እንደር? ምን እንብላ? ውሃው የት ነው?

የየጁ ደም

ጣይቱ ብጡል የተወለዱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ፣ ዘመነ መሳፍንት ሊያበቃ በተቃረበበት ጊዜ ነው። በአባታቸው በብጡል ኃይለ ማርያም በኩል ወገናቸው የስሜን ገዥዎች ናቸው። የዘር ሐረጋቸው ደግሞ ከየጁው ራስ ጉግሣ ይደርሳል። የጁ ማለት እንግዲህ ወልድያ ነው፣ መርሳ ነው፣ ሀብሩ ነው። የእኛው ሰው ናቸው ብል ማንም አይቆጣኝም።

ልጅነታቸው አልተመቻቸውም። አባታቸውን በጊዜ አጡ። አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ በካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ተሸነፉና የቤተሰቡ ኃይል ተሰበረ። ጣይቱ ግን ለሴት ልጅ ብዙም በማይፈቀድበት በዚያ ዘመን ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝ፣ በገና መደርደርና ሰንጠረዥ መጫወት ተማሩ። ሰንጠረዧን ያዙልኝ፤ መቀሌ ላይ እንመለስባታለን።

የዚያን ጊዜ ቤተ መንግሥት አንድ ቦታ ተተክሎ የሚኖር አልነበረም። ክረምቱን አርፎ በጋውን መንቀሳቀስ ነው። ሥልጣኑ ራሱ ስሙን ያገኘው ከዘመቻ ነው፦ ፊታውራሪ ከፊት የሚቀድመው፣ ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው አዛዥ ነው። የንጉሡ ድንኳን መሃል ላይ ሲተከል እያንዳንዱ አለቃ ድንኳኑ በየት በኩል እንደሚውል ያውቀዋል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ጠዋት ተነስቶ ማታ ሌላ ቦታ ሳይተራመስ የሚሰፍረው በዚህ ነው።

እኛ ሦስታችን ግን ክብሪት ማን ይይዛል የሚለውን እንኳ አልተነጋገርንም ነበር። ሁላችንም ሌላው ይዟል ብለን ተማምነን ማንም አልያዘም። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክር ይኸው፦ ከመነሳታችሁ በፊት ሥራ ተከፋፈሉ። ውሃ የአንዱ፣ እሳትና ማብሰያ የሌላው፣ ድንኳንና መድኃኒት የሦስተኛው። ለቤተሰብ ወይም ለጓደኛ በየት በኩል እንደምትሄዱና መቼ እንደምትደርሱ ንገሩ፤ ከተራራው ሥር ኔትወርክ ይጠፋል።

ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃ

ጣይቱ ቀደም ሲል ሌሎች ትዳሮችን አይተው በ1875 ዓ.ም. የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን አገቡ። ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ እንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ቦታው ለጠላት አይመችም፤ ከላይ ሆኖ ሁሉንም ያያል። ችግሩ ለኗሪውም አለመመቸቱ ነው። ብርድ ነው፣ ነፋስ ነው፣ ማገዶው እየተመናመነ ሄደ፣ ውሃውም አይበቃም።

ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች እየወረደ ፍል ውሃው አጠገብ ድንኳን ይተክል ነበር። ሰዉ ይታጠባል፣ ይሞቃል፣ ተመልሶ ይወጣል። ጣይቱ ሜዳውን ወደዱት፤ ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ይህ በ1879 ዓ.ም. ነው። ስሙንም አዲስ አበባ ያሉት እሳቸው ናቸው። መኳንንቱ በየፊናቸው የሰፈሩበት ቦታ ደጃች ውቤ ሰፈር ምናምን እየተባለ ዛሬም በታክሲ ረዳት አፍ ይጠራል። ሰፈር የሚለው ቃል የመጣው ሰፈረ ከሚለው መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ዋና ከተማችን በአጭሩ በደንብ የተመረጠ የድንኳን ቦታ ነው።

እንግዲህ ወደ እኛ አገር እንምጣ። መርሳና ወልድያ በስተምዕራብ ከፍ ያለው ደጋ፣ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው ቆላ መሃል ነው ያሉት። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ቁልቁል የሚመጣው በእነዚያ ደረቅ በሚመስሉ ወንዞች ነው። እናንተ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፍ ይደርሳል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ በፍጹም አትደሩ፤ በክረምት ብቻ ሳይሆን በበልግም። ወሎ ደግሞ በልግ አላት።

ከጉብታ ጫፍም ራቁ፤ ነፋስና መብረቅ አለ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥርም አትደሩ። የሚሻለው ከወንዙ ከፍ ያለ፣ ከጫፉ ዝቅ ያለ፣ ጠፍጣፋ መሬት ነው። እሱን ለመምረጥ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መራመድ አቁሙና ቦታ ፈልጉ። ቆላው ወባ አለበት። የመስኖ ቦይና የቆመ ውሃ አጠገብ አትተኙ፣ አጎበር ያዙ፣ ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱና ደም ተመርመሩ።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መሬት ላይ አልፏል። የማታውቁት ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ አትርገጡ፣ ለፎቶም አትጠጉት። ለፀጥታ አካል ወይም ለአካባቢው ሰው ተናገሩ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የአገሬው ሰው አትሂዱ ካለ አለመሄድ ነው፤ ተራራው የትም አይሄድም።

ስንቅ

ከመርሳ ወደ ደሴ ስትሄዱ ውርጌሳን አልፋችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን በመስኮት አይተናት እናልፋለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የተዋዋሉት እዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ቦታ ነው። በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት፣ ጣይቱ እቴጌ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ብዙ ሳይቆይ የውሉ 17ኛ አንቀጽ በጣሊያንኛው ሌላ፣ በአማርኛው ሌላ ሆኖ ተገኘ። የጣሊያንኛው ኢትዮጵያን ጥገኛ ያደርጋታል። እቴጌይቱ በዚህ ጉዳይ ከሚለሳለሱት ወገን አልነበሩም፤ አገሪቱን የሚያዋርድ ቃል ላይ መስማማት አይቻልም ብለው ጸኑ።

የክተት አዋጁ የተነገረው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው፤ ጉዞው በጥቅምት ተጀመረ። ወሩን ልብ በሉ። ዝናቡ አቁሟል፣ ወንዞቹ ጎድለዋል፣ አዲሱ እህል እየደረሰ ነው፣ መሬቱ ሣር አለው፣ የጭነት እንስሳው ይጠግባል። ለእናንተም ለመርሳና ለወልድያ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። እኛ በሚያዝያ መውጣታችን የመጀመሪያው ጥፋታችን ነበር።

ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ ተሰባስቦ በወሎና በየጁ በኩል ወደ ሰሜን ሄደ። እቴጌይቱም የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ቁጥሩ 100,000 ገደማ ይባላል፤ ከዚያ ላይ ደግሞ የሚፈጩ፣ የሚጋግሩ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ የሚጭኑ ልጆች አሉ። አገሪቱ ከክፉ ቀን ገና አልተነሳችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽታ ከብቱን ፈጅቶ በሬ ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ያን ሁሉ ሰው ከአዲስ አበባ አድዋ አብልቶ ማድረስ ከጦርነቱ የማይተናነስ ሥራ ነው። የእቴጌይቱ ጓዳ የሚታወቀውም በዚህ ነው፤ ማእድ ማደራጀትና ስንቅ መቆጣጠር ያውቁበታል።

ኢኮኖሚክስ ስማር በጀት ማለት አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ነው ተባልኩ። ፈተናውን አልፌ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ጀርባዬ ላይ ነው። ቦርሳ በጀት ነው። የሰውነታችሁን ክብደት አንድ አምስተኛ ካለፈ ሁለተኛው ቀን ላይ ጉልበታችሁ ይነግራችኋል። ስፒከሩን ስይዝ ውሃውን ትቼ ነበር።

የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ስንቅ ለዚህ የተሠራ ነው፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ጭኮ። ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ብዙውን ያለ እሳት ትበሉታላችሁ። በሶን በትንሽ ውሃና ማር ካሻችሁት አንድ ሰዓት ያስኬዳችኋል። ከውጭ የሚመጣ የታሸገ ምግብ መግዛት አያስፈልግም። እኛ በማንጎ ብቻ ነበር የወጣነው፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን ከባድ ነው፣ ሆድም አይይዝም።

አንድ ነገር ግን ከድሮው ዘመቻ አትውሰዱ። የዚያን ጊዜ ወታደር ያለፈበት አገር ገበሬው ይራቆት ነበር። ማሳው ይረገጣል፣ ጎተራው ይገለበጣል። ስለ አድዋ ስናወራ የዚያን ገበሬ ድርሻ እንረሳዋለን። ሀብሩ ውስጥ ባለቤት የሌለው መሬት የለም። ከመተከላችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ የበላችሁትን ክፈሉ፣ ማገዶ ከፈለጋችሁ ከሰው ግዙ እንጂ ዛፍ አትቁረጡ፣ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ጥሬ ብር ያዙ፤ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር ቆሎ አይገዛም። ከመሸባችሁ ደግሞ አትፈሩ፤ የእግዜር እንግዳ ነን ብላችሁ ደጅ ላይ ቁሙ። የወሎ ሰው ሃይማኖታችሁን ሳይጠይቅ ያስገባችኋል።

ውሃ

ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ ድል ሆነ። ቀጥሎ መቀሌ። ጣሊያኖች እንዳ ኢየሱስ ላይ ጠንካራ ምሽግ ሠርተው፣ ከ1000 በላይ ወታደር ይዘው ተቀምጠዋል። ምሽጉን በጉልበት ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ።

እዚህ ላይ ነው ሰንጠረዧ የምትመጣው። ምሽጉ ግንብ አለው፣ መድፍ አለው፣ የሚጠጣው ውሃ ግን ከግንቡ ውጭ ነው። ምንጩን የመያዙ ሐሳብ የእቴጌ ጣይቱ ነበር። የእሳቸው ሰዎች በሌሊት ሄደው ምንጩን ያዙ፤ ሌት ተቀን ጠበቁት። ከዚያ በኋላ መድፉ ዋጋ አጣ። ምሽጉ ውስጥ ውሃ በመስፈሪያ መታደል ጀመረ፣ እንስሳቱ አለቁ። ጥር 1888 ዓ.ም. ሳያልቅ ጣሊያኖቹ ምሽጉን ለቀቁ።

ይህን ሳነብ ያቺ ከሰዓት ትዝ አለችኝ። ውሃችን ካለቀ በኋላ አንደኛው ጓደኛችን ማላብ አቆመ፤ ራሱን ያዘው፣ ንግግሩ ተቆራረጠ። እኛ ደክሞታል ብለን ቀለድንበት። እማማ ግን ገና ሲያዩት ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ በነጠላቸው ውሃ አርሰው አንገቱን አቀዘቀዙት፤ ቤት ስንገባ ስኳርና ጨው ያለበት ውሃ ቀስ በቀስ አጠጡት። እኛ ሦስት የተማርን ልጆች የሙቀት አደጋ መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ስለዚህ በቁጥር ልንገራችሁ። በቆላ ፀሐይ የሚራመድ ሰው ለመጠጥ ብቻ በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ያስፈልገዋል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ የሁለት ቀን ውሃ ተሸክማችሁ አትችሉም። መፍትሔው ከመነሳታችሁ በፊት ምንጩና ቧንቧው የት እንዳለ ከአገሬው ጠይቃችሁ መንገዳችሁን በውሃው ልክ መቁረጥ ነው። የወንዝና የምንጭ ውሃ አፍሉት፤ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ደቂቃ፣ ደጋ ላይ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማፍላት ካልቻላችሁ ውሃ አጋር ጨምሩና መመሪያው የሚለውን ያህል ጠብቁ። ከፋርማሲ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሁለት ሦስት ከረጢት ያዙ። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ ፈልጋችሁ እረፉ፤ መንገዱን በማለዳና በአሥር ሰዓት ጥላ ጨርሱት። መጸዳጃ ከውሃው ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ፣ ቆፍራችሁ፣ መልሳችሁ ድፈኑት። ከታች ያለው ሰው የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይም ውሃው አልተረሳም። ስንቅ እየተመናመነ፣ ሠራዊቱ ከዚያ በላይ እዚያ መቆየት ሲያስቸግረው ነበር ውጊያው የመጣው። እቴጌይቱ ጦር ሜዳው ላይ ነበሩ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች በእንስራና በቅል ውሃ እየተሸከሙ ተኩስ ባለበት ለተዋጊውና ለቁስለኛው ያደርሱ ነበር። የእነዚያ ሴቶች ስም አልተጻፈም። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ጉዞ አድዋ ብለው ከአዲስ አበባ አድዋ በእግር የሚሄዱ ወጣቶች ወሎን ሲያቋርጡ ውሃ ይዛ መንገድ ላይ የምትጠብቃቸው እናት ባየሁ ቁጥር እነሱ ትዝ ይሉኛል።

የመጨረሻው ሰፈር

ከድሉ በኋላ እቴጌይቱ መንገደኛን አልረሱም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የከፈቱት ሆቴል ከውጭም ከአገር ውስጥም ለመጣ እንግዳ ማረፊያና ምግብ በገንዘብ የሚያቀርብ ነው። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሆቴል ሆነ፤ እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዟል። ዕድሜውን በሙሉ ድንኳን ሲያስተክል የኖረ ሰው እንግዳ ምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል።

ምኒልክ ታመው አልጋ ሲይዙ ግን የመኳንንቱ ፊት ዞረ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲርቁ ተደረገ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ እሳቸው ወደ እንጦጦ ተላኩ፤ ብርዱንና ነፋሱን ጠልተው ትተውት ወደ ወረዱት ተራራ። በመጨረሻ ወደ ጎንደር ለመሄድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. እዚያው እንጦጦ አረፉ። ኋላ አስከሬናቸው ወርዶ በባዕታ ከባለቤታቸው ጎን ተቀመጠ። ከሸዋ አድዋ የተጓዙት ሴት መጨረሻ ላይ አንዲት መንገድ ተከለከሉ። ይህን ሳነብ እኔ ያለ ማንም ፈቃድ ቦርሳዬን አንስቼ መውጣት መቻሌ ምን ያህል እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ ጉዞ በኋላ በሌላ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ ያንኑ መንገድ ደገምነው። ስፒከር አልያዝንም። ሥራ ተከፋፍለናል፣ በሶው በማር ታሽቷል፣ ውሃ የሚሞላበት ቤትና ምንጭ አስቀድመን ጠይቀናል። እማማ ቤት ደርሰን ቡናና ስኳር ሰጠናቸው። ድንኳኑን የት እንትከል ብለን ጠየቅናቸው። ከወንዙ በላይ፣ ከበረታቸው ጎን ያለችውን ጠፍጣፋ መሬት አሳዩንና መጀመሪያ ግን እንጀራ ብሉ ብለው አስገቡን።